የስኑከር ስቲክ ቲፕ በምን ይለጠፍ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስኑከር የለመድኩት ለንደን ከመጣሁ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ፑል ቤት ስንጫወት ስቲኩ የቤቱ ነበር፤ ቲፑ ቢነቀል የሚጨነቅበት ባለቤቱ ነው። እዚህ ግን ሰው የራሱን ስቲክ ገዝቶ በሳጥን ይዞ ይዞራል። ቲፑ ሲነቀልም ወይ ከፍሎ ያስለጥፋል፣ ወይ ራሱ ይለጥፋል። የማውቃቸው ልጆች የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ ሁሉንም አንድ ላይ ጻፍኩት። ቲፕ የምለው ጫፉ ላይ የምትለጠፈዋን ክብ ቆዳ ነው። ፌሩል የምለው ደግሞ ከሥሯ ያለውን የነሐስ ቀለበት ነው።

ዝርዝሩን ተወውና፣ የትኛውን ልግዛ?

ጄል የሆነ ሱፐር ግሉ ግዙ። የነሐስ ፌሩል ላለው ስቲክ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ራሱ ለሚለጥፍ ሰው፣ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። የሎክታይት ይሁን የሌላ፣ ብዙ ለውጥ የለውም። ቱቦው ላይ ጄል የሚል ይኑር፣ አዲስ ይሁን፣ ትንሽ ይሁን። 3 ግራም የምትይዘው ትንሿ ቱቦ ለብዙ ቲፕ ትበቃለች። ከዚህ በታች የምጽፈው ለምን እንደዚያ እንደምል ነው። ስለ ዝግጅቱም በደንብ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም እጄ ላይ ከገቡት የተነቀሉ ቲፖች አብዛኞቹ ላይ ጥፋቱ የማጣበቂያው አልነበረም።

ፈሳሹ ሱፐር ግሉ ምን ችግር አለው? ቤት ያለው እሱ ነው።

ቆዳ ይጠጣዋል። እንጀራ መረቅ ሲነካው ከሥር ወደ ላይ እየራሰ እንደሚሄደው ማለት ነው። ኤልክ ማስተር የሚባለውን ሰማያዊ ቲፕ ታውቁት ይሆናል፤ ለስለስ ያለ ቆዳ ነው። በፈሳሹ ስትለጥፉት ጠርዙን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከፌሩሉ በላይ ያለው ሰማያዊ ቀለም ቀስ እያለ ይጠቁራል፣ ጥቁሩ ቀለበትም ወደ ላይ ይወጣል። ያ የጠቆረው ክፍል ሲደርቅ ቆዳ መሆኑ ይቀራል፣ እንደ ፕላስቲክ ይጠጥራል። ለስላሳ ቲፕ የገዛችሁት ነጯን ኳስ ያዝ አድርጎ ስፒን (ሽክርክሪት) እንዲሰጣችሁ ነበር፤ አሁን ግማሹ ድንጋይ ሆነ ማለት ነው። ስትመቱ ድምፁ ራሱ ይለወጣል።

ሌላው ችግር ጊዜ አይሰጥም። አስቀምጣችሁት ትንሽ ወደ ግራ ቢያዘነብል፣ ልታስተካክሉት ስትሞክሩ ይዟል። ጄሉ ግን ባለበት ይቀመጣል፣ ቆዳው ውስጥ እምብዛም አይገባም፣ ቲፑን መሃል ለማድረግ ጥቂት ሴኮንድ ይሰጣችኋል። እነዚያ ጥቂት ሴኮንዶች ብዙ ዋጋ አላቸው።

ከፈሳሹ ሌላ ከጠፋ ግን አንድ መላ አለ። መጀመሪያ የቲፑን ጀርባ በስሱ ቀቡትና እስኪደርቅ ተዉት። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት ላይ አሽታችሁ ሜዳ አድርጉት። የተደፈነ ጀርባ ድጋሚ ብዙ ስለማይጠጣ ሁለተኛው ቅብ ላዩ ላይ ይቀራል፤ በሱ ትለጥፉታላችሁ።

ማስቲሽስ? ጫማ ሰፊ የሚጠቀምበት?

ይሆናል፣ በደንብ ይሆናል። እንግሊዝ አገር ብዙ የቆዩ ተጫዋቾች ዛሬም ከማስቲሽ ዓይነቱ ሌላ አይነኩም፤ እዚህ ስሙ የሚታወቀው ኢቮ-ስቲክ ነው። ጥሩነቱ ሲደርቅም ትንሽ የመለጠጥ ነገር ስላለው ነው። ስቲክ ኳስ በመታ ቁጥር ቲፑ ከላይ ብቻ አይደለም የሚመታው፤ ስፒን ስትሰጡ ወደ ጎንም ይገፋል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ጠንካራ ነው፣ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ማስቲሽ ግን ድንጋጤውን ይችለዋል። ቲፑ ሲያልቅም ያለ ብዙ ትግል ይነቀላል፣ ፌሩሉን አይጎዳም።

አጠቃቀሙ ግን ሌላ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እንደ ሱፐር ግሉ ቀብቶ ወዲያው መለጠፍ አይቻልም። ፌሩሉንም የቲፑን ጀርባም፣ ሁለቱንም፣ በስሱ ትቀባላችሁ። ከዚያ ትጠብቃላችሁ። 10 ደቂቃም 15 ደቂቃም ሊሆን ይችላል፣ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ጣታችሁን ስታስጠጉት የማይለጠፍ፣ ደረቅ የመሰለ ሲሆን ነው ጊዜው። ያን ጊዜ ስታገናኟቸው በአንድ ጊዜ ይያያዛሉ፣ ስለዚህ ቲፑን መሃል ለማድረግ ያላችሁ ዕድል አንድ ነው። እርጥብ ሳለ ከለጠፋችሁት መሟሟቻው መውጫ ያጣል። ላዩ የያዘ መስሎ ውስጡ ለቀናት ለስላሳ ይሆናል፣ ጨዋታ መሃል ቲፑ ወደ ጎን ይንሸራተታል።

አንድ ነገር አደራ። መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ፣ እሳት አጠገብ አትሥሩ፣ ቆርቆሮውንም ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት። የማስቲሽ ሽታ ሲሳብ ምን እንደሚያደርግ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ያየን ሁላችን እናውቀዋለን።

ኢፖክሲ ከሁሉም ይጠነክራል ይባላል። ለምን እሱን አልመከርክም?

መጠንከሩ ልክ ነው። ኢፖክሲ የሚሸጥባቸውን ሁለት ቱቦዎች እኩል ደባልቃችሁ ከቀባችሁት ቲፑ በቀላሉ የትም አይሄድም፣ ፌሩሉ ትንሽ ጎርባጣ ቢሆን እንኳን ጎድጓዳውን ይሞላዋል። ግን ቲፕ የሚያልቅ ነገር ነው። ዘወትር የምትጫወቱ ከሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ትቀይሩታላችሁ። ያን ጊዜ ኢፖክሲውን ከነሐስ ላይ ለመፋቅ የምትታገሉት ትግል፣ ከሥር ያለውን እንጨት እያቆሰለ፣ ፌሩሉን እያሳጠረ ነው። በየጊዜው ለሚነሳ ነገር እንደዚህ ዘላለም የሚይዝ ማሰሪያ አያስፈልገውም።

የእንጨት ኮላ ወይም ሆት ግሉ?

ሁለቱም አይሆኑም። ኮላ የሚደርቀው ውኃው ወደሚመጠው ነገር ሲገባ ነው፤ ነሐስ አይመጥም። ሆት ግሉ ደግሞ ወፍራም ትራስ ይሠራል፣ ቲፑ ላዩ ላይ ይጨፍራል።

ጥሩ ማጣበቂያ ተጠቅሜ በሁለተኛው ቀን ተነቀለ። ለምን?

የወደቀውን ቲፕ አትጣሉት። ምክንያቱ ጀርባው ላይ ተጽፏል።

ማጣበቂያው ሙሉ በሙሉ ቲፑ ላይ ቀርቶ ፌሩሉ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ፣ ነሐሱ አልተዘጋጀም ነበር ማለት ነው። ወይ ዘይት ነበረው፣ ወይ የጣት ወዝ፣ ወይ የአሮጌ ማጣበቂያ ቅሪት። ተገላብጦ ማጣበቂያው ፌሩሉ ላይ ቀርቶ የቲፑ ጀርባ ደረቅ ቆዳ ከሆነ፣ ቆዳው ማጣበቂያውን ጠጥቶታል ወይም ጀርባው ሳይታሽ እንደመጣ ተለጥፏል። ሁለቱም ላይ የተገነጠለ ቆዳ ካያችሁ ግን ማጣበቂያው ሥራውን ሠርቷል፤ የተበጠሰው ራሱ ቲፑ ነው። ስስ ስስ ቆዳዎች ተደራርበው የሚሠሩት ቲፖች ላይ ይህ አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንደኛው ንብርብር ከሌላው ይለያል።

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ሌላ ቦታ ከፍሎ ያስለጠፈው ቲፕ በሳምንቱ ጨዋታ መሃል ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። አንስተን መብራት ሥር አየነው። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሚያብለጨልጭ የማጣበቂያ ቀለበት አለ። መሃሉ ላይ ግን ቆዳው ጭራሽ አልተነካም፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ጀርባው በትንሹ ጎድጓዳ ስለነበር የተያያዘው በጠርዙ ብቻ ነው፣ መሃሉ አየር ነበር። ለዓይን የማይታይ ጉድጓድ ነው። ጀርባውን መስታወት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ደቂቃ ማሸት ቢጨመርበት ኖሮ ያ ቲፕ አይወድቅም ነበር። ያንኑ ቲፕ አሽቼ በጄል ለጠፍኩለት፣ እስኪያልቅ ተጫወተበት።

እሺ፣ ፌሩሉንና ቲፑን እንዴት ላዘጋጅ?

አብዛኛው የስኑከር ስቲክ ላይ ፌሩሉ ክፍት ቀለበት ነው። አናቱን ስታዩት ዳር ዳሩ ነሐስ፣ መሃሉ የስቲኩ እንጨት ነው። ስለዚህ ማጣበቂያው በአንድ ጊዜ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን መያዝ አለበት፤ አንዱ ማጣበቂያውን ይጠጣል፣ አንዱ አይጠጣም። እንጨቱ ደግሞ አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በዚህ የተነሳ አንዳንዴ ከነሐሱ ከፍ ብሎ፣ አንዳንዴ ዝቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። ቀጥ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የማስመሪያ ጠርዝ፣ አናቱ ላይ አስቀምጡና ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩ። ብርሃን በሥሩ የሚያልፍ ከሆነ ሜዳ አይደለም።

ካልሆነ በ120 ወይም በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ስቲኩን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ፣ በቀስታ እሹት። እጃችሁ ካዘነበለ አንዱ ጎን ይበላል፣ ቲፑም ዘሞ ይቀመጣል፤ ሥራው መፍጠን አይወድም። ብዙ አትፋቁ፣ ነሐሱ ተመልሶ አያድግም። እንጨቱ ዝቅ ብሎ ከሆነ ጎድጓዳው ላይ ትንሽ ሱፐር ግሉ አድርጉና ደርቆ ሲጠነክር እኩል አድርጋችሁ እሹት።

የቲፑም ጀርባ እንዲሁ ይታሻል፣ በክብ በክብ፣ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መልክ እስኪኖረው። ከዚያ ሁለቱንም በአልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚህ በኋላ ጣት አይነካውም። ፌሩሉንና ከሥሩ ያለውን እንጨት በወረቀት ፕላስተር ጠቅልሉት፣ የፈሰሰ ማጣበቂያ ቫርኒሹን እንዳያበላሽ።

ምን ያህል ልቀባ?

ከምታስቡት ያነሰ። የምስር ፍሬ የምታህል ጄል፣ ፌሩሉ መሃል ላይ። ቲፑን አስቀምጣችሁ ትንሽ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ስታዞሩት ራሱ ይዘረጋል። ዙሪያውን እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ብቅ ካለ መጠኑ ልክ ነው፤ ያንን በፍጥነት ጥረጉት።

ሰው ብዙ ሲቀባ የበለጠ የሚይዝ ይመስለዋል። ሱፐር ግሉ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ይህን ማጣበቂያ መጀመሪያ ያገኙት አሜሪካዊው ኬሚስት ሃሪ ኩቨር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልጉ የነካውን ሁሉ እየያዘ አስቸገራቸውና ተዉት፤ ገበያ ላይ የዋለው በ1958 ነው። የነካውን ሁሉ የሚይዘው ዕቃው ላይ ያለችውን ጥቂት እርጥበት ሲያገኝ ስለሚጠነክር ነው። ስስ ሲሆን ያቺ እርጥበት ለሁሉም ትደርሳለች። ወፍራም ሲሆን ጠርዙ ይጠነክርና መሃሉ ሳይደርቅ ይቆያል። ቶሎ ይድረቅ ብላችሁ የሚረጨውን ማፍጠኛ አትጨምሩበት፤ ይፈጥናል፣ ግን የበለጠ ተሰባሪ ያደርገዋል።

ከለጠፍኩ በኋላ ስንት ሰዓት ልጠብቅ?

መጀመሪያ ስቲኩን ገልብጣችሁ፣ ቲፑን ጠንካራና ሜዳ ነገር ላይ አቁማችሁ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑት። በኃይል አይደለም፤ ከበዛ ማጣበቂያው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣል። ከዚያ ማታ ለጥፋችሁ ጠዋት ተነሱ፣ የኔ ልማድ ይህ ነው። ለጄል ሱፐር ግሉ ጥቂት ሰዓት ሊበቃ ይችላል፣ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። ማስቲሽ ከሆነ አንድ ሙሉ ሌሊት የግድ ነው። ጠርዙን መከርከምና አናቱን ማክበብም ከዚህ በኋላ ነው። ሳይደርቅ በካተር ስትከረክሙ ወደ ጎን ትገፉታላችሁ፣ የያዘው ሁሉ ይላቀቃል። ስትከረክሙ ስቲኩን ገልብጣችሁ ቲፑን እንጨት ላይ አስደግፉና ቢላዋውን ወደ ታች አውርዱት።

ዱባይ ነው ያለሁት። ስቲኬ መኪና ውስጥ ነው የሚውለው። ለውጥ አለው?

በጣም አለው። ባሕረ ሰላጤው አገር በበጋ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ማስቲሽ ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልሳል። ስቲኩን አውጥታችሁ የመጀመሪያውን ኳስ ስትመቱ ቲፑ ይሸራተታል፣ ወይ ጭራሽ ይነቀላል። ስለዚህ እዚያ ላላችሁ ጄል ሱፐር ግሉ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ግን ስቲኩን ይዛችሁ ውረዱ። ሙቀቱ ቲፑን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ እንጨቱን ያጣምመዋል፣ ፌሩሉን የያዘውንም ማጣበቂያ ያላቅቀዋል። ቲፕ በትንሽ ብር ይተካል፣ የተጣመመ ስቲክ ግን የሚመለስ ነገር አይደለም።

የኔ የፑል ስቲክ ነው። ያው ነው?

ዘዴው ያው ነው፣ መጠኑ ይለያል። የስኑከር ቲፕ ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአሜሪካን ፑል ደግሞ ከ12 እስከ 13። የፑል ፌሩል ብዙውን ጊዜ ነሐስ ሳይሆን ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው፣ ስለዚህ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) እንዳታስነኩት፣ ሊያሟሟው ይችላል። በአልኮል ጥረጉት። ርካሽ ስቲኮች ላይ ያለው በብሎን የሚገባው ቲፕ ከሆነ ማጣበቂያ አይፈልግም፣ አጥብቃችሁ አዙሩት።

አሮጌውን ቲፕ እንዴት ላውጣ?

በካተር የላዩን ቆዳ በስስ በስሱ እየቆረጣችሁ ቀንሱት። ቢላዋው ሁልጊዜ ከሰውነታችሁ ይራቅ። የመጨረሻውን ስስ ሽፋን በብርጭቆ ወረቀት ጨርሱት። ማስቲሽ ከሆነ በጣታችሁ እያሻችሁ እንደ ማስቲካ ይጠቀለላል። ክብሪት ወይም ላይተር የሚያስጠጉ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። ነሐስ ሙቀትን ቶሎ ያስተላልፋል፣ ቲፑን ልታላቅቁ ፌሩሉን ታላቅቃላችሁ፣ እንጨቱም ይለበለባል።

ጣቶቼ ተጣበቁ!

አትጎትቱ። ለብ ያለ ውኃና ሳሙና ውስጥ ንከሯቸው፣ ቀስ እያላችሁ አንከባልላችሁ ለያዩዋቸው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶንም ይረዳል፣ ወደ ዓይን ግን በፍጹም። ዓይን ወይም ከንፈር ከሆነ በኃይል ለማላቀቅ ሳትሞክሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ፈሳሽ ሱፐር ግሉ ደግሞ ጥጥ ላይ በብዛት ከፈሰሰ ይግላል፣ እስከማቃጠል ይደርሳል። ስለዚህ በጥጥ አትጥረጉት፣ ከጥጥ የተሠራ ጓንትም አታድርጉ።

የገዛሁት ሱፐር ግሉ ሁልጊዜ ቱቦው ውስጥ ይደርቅብኛል። ምን ላድርግ?

አፉን በወረቀት ጥረጉ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ በደንብ በሚዘጋ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ጫማ ሲገዛ ሳጥኑ ውስጥ የሚገኘው እርጥበት መጣጭ ትንሽ ከረጢት አብሮት ቢገባ ጥሩ ነው። ከፍሪጅ ስታወጡት ወዲያው አትክፈቱት፤ ቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ እርጥበቱም ገብቶ ያጠነክረዋል። ግማሽ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ይቆይ። ስትጨምቁት እንደ ማር እየተጎተተ ክር የሚሠራ ከሆነ ግን ጊዜው አልፏል፣ ቲፕ ላይ አታውሉት።